ትንፍሽ እንዳትል

በዚያች ከተማ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ፣ ከቆሻሻ መኪና ነጂ እስከ አምቡላንስ ሾፌር፣ በፍሬቻ እጅ ያለፈ ነው። ይህን የሚያስተባብል እስካሁን አልተገኘም፤ ሊያስተባብል የተነሳ ቢኖር እንኳ ፍሬቻ አፉን ከከፈተ በኋላ ሌላ ሰው ቃል የሚያስገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሊናገር ሲል እጁ ቀድሞ ይነሳል፤ ሊያሞግስ ከሆነ ቀኙ፣ ሊያማ ከሆነ ግራው። አንዱ ተማሪ «አስተማሪያችን ፍሬቻ ሳያበራ አይታጠፍም» አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እናቱ ያወጡለት ስም ከነአካቴው ተረሳ።

አስሙን እንኳ የሚያወራው እንደ ሜዳሊያ ነው። «የኔ አስም እንደ ሰው አስም አይምሰልህ» ይላል። «ልጅ ሆኜ ሲነሳብኝ ሦስት ሐኪሞች ተሰልፈው አዳመጡኝ። አንደኛው ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ "ይሄ ሳንባ አይደለም፣ ኦርጋን ነው" ብሎ እንባው መጣ።» ካደገ ወዲህ ግን ያ ኦርጋን ክዳኑ ተዘግቶበት ተቀምጦ ነበር። ጠዋትና ማታ ቡናማዋን የመከላከያ መድኃኒት በአፉ ይስባል፤ ትንፋሽ ሲያጥር የምትሳበውን ሰማያዊቷን ለክፉ ቀን ብሎ ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞራል፤ ክፉ ቀን ስላልመጣ ሰማያዊቷ ከሳንቲምና ከከረሜላ ወረቀት ጋር ስትንኳኳ ነው የኖረችው።

ክፉ ቀን የመጣው በአማቱ በኩል ነው።

አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው አገር ምድሩን ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው «ይጠብቁ» ካለ ዝናብም ይጠብቃል። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እነፍሬቻ ግቢ፣ ጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ታዲያ አንድ ማለዳ ፍሬቻ በሚያስተምርበት የመኪና ማሠልጠኛ ቅጥር ግቢ ነጯን መኪናውን ሲያብስ፣ ፊታቸውን በሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር የሸፈኑ ሴትዮ መጥተው ከጎኑ ቆሙ።

«አዲስ ተማሪ ነኝ» አሉ።

ፍሬቻ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እማማ?»

«እማማ አይደለሁም፤ ተማሪ ነኝ አልኩህ እኮ።»

«እማማ፣ መነጽሩ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ መነጽር መሆኑን ታውቃለህ። በሩን ክፈት!»

ከፈተ። አማቱን እምቢ ብሎ ያደረ ወንድ በታሪክ አልተመዘገበም። መሪው ፊት ከተቀመጡ በኋላ መነጽሩን አውልቀው ጉዳዩን አስረዱት። «ልጄ፣ ስማኝ። ያን ጊዜ ደረጃ ላይ ከወደቅኩ ወዲህ ሚስትህ የምታየኝ እንደ ብርጭቆ ነው። አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ ጮኻ ጎረቤት ትሰበስባለች። ካንተ መኪና ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወዳንተ መኪና፣ እንደ ዕቃ ስጫን ስወርድ ሰለቸኝ። አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳይጭነኝ ደስ ወዳለኝ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«እሱስ እውነትዎን ነው።»

«መንጃ ፈቃዴን ይዤ ፊቷ እስክቆም ድረስ ግን፣ ትንፍሽ እንዳትል!»

«ለሚስቴ?»

«ለሚስትህ፣ ለድመቷ፣ ለትራስህ! እኔ ስንቱ ሹም ስንቱ ፍቅረኛ በጆሮዬ ሲያልፍ ትንፍሽ ያላልኩ ሴት ነኝ። አንተ አንዲት ምስጢር ያቅትህ?»

የፍሬቻ ቀኝ እጅ ተነሳ። «ለኔ ነው ይህን የሚሉት? እማማ፣ እኔ እኮ መቃብር ነኝ!»

መቃብር መሆን ደግሞ ለአስም በሽተኛ የሚመከር ሥራ አይደለም።

ትምህርቱ ራሱ ችግር አልነበረውም። እንዲያውም ፍሬቻ በዘመኑ እንዲህ ያለ ተማሪ አላጋጠመውም። አማቱ መኪና የሚነዱት እንደ ስልክ ማዞሪያ ነው። ቀይ መብራት ሲይዛቸው «በመጠባበቅ ላይ ነኝ» ይላሉ። የጭነት መኪና ከጎን ሊገባባቸው ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርገው «መስመሩ ተይዟል! ቆይተው ይሞክሩ!» ብለው ሲጮኹ፣ ግንባሩ የጠረጴዛ ያህል የሰፋ ሾፌር እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ፍሬን ይዞ ቆመ። ፍሪሲዮን ሲረግጡ እስከ ወለሉ ነው፤ ሲለቁም ባንዴ ነው፤ መኪናዋ እንደ ጥጃ ትዘላለች። ማርሽ ለመለወጥ ከተነሱ ደግሞ መሃል ላይ መቆየት አይወዱም። ፍሬቻ በሆዱ «አምስተኛ ማርሽ» ብሎ ስም አወጣላቸው።

ችግሩ ማታ ቤት ሲገባ ነበር።

የፍሬቻ ሚስት መጋረጃ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስትቀድና ስትሰፋ ትውልና ማታ ማሽኗን ዘግታ፣ ሻይ ቀድታ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ «እህስ፣ ዛሬ ማን ገደለህ?» ትላለች። የትዳራቸው ጨው ይህ ነው። እሱ ተነስቶ አንዱን ተማሪ ሆኖ ይነዳል፣ ሌላዋን ሆኖ ያለቅሳል፣ ዶሮ የሳተውን ዝሆን ሳተ ይላል፤ እሷ ደግሞ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ውሸታም! ትናንት እኮ ዶሮ ነበረች!» ትለዋለች። አሁን ግን በሕይወቱ ካጋጠሙት ተማሪዎች ሁሉ ትልቋን፣ ምንም ማጋነን የማያስፈልጋትን፣ እንዳለች ብትወራ የምታስቀውን ተማሪ አግኝቶ ማውራት አይችልም! ሀብታም ሆኖ ኪሱ እንደተሰፋበት ሰው ሆነ።

«እህስ፣ ዛሬ ማን ገደለህ?»

እጁ ይነሳል። ከዚያ አየር ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ ይወርዳል።

«ምንም... ያው ነው... ደህና ነበር» ይላል።

ይህን ባለ ቁጥር ደረቱ ላይ አንድ ሰው በርጩማ አስቀምጦ የሚቀመጥበት ይመስለዋል። ከዚያ ከጉሮሮው ሥር «ሲር... ሲር...» የሚል ድምፅ ይነሳል። ኦርጋኑ ክዳኑ ተከፈተ። ደግሞ አማቱን ለማስተማር ገና ጎህ ሳይቀድ ሹልክ ብሎ ስለሚወጣ፣ ቡናማዋን መድኃኒት መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ሥር ትቷት መሄድ ጀመረ። ቀን ቢያስታውሳትም «ለአንድ ቀን ምን እንዳልሆን» ይላል፤ አንዱ ቀን ግን እህትና ወንድም ማፍራቱን ልብ አላለም።

ሚስቱ ደነገጠች። «አቧራ ነው» አለች። ምንጣፉን ጠቅልላ አወጣችው። ሲርታው አልቆመም። «ድመቷ ናት» አለች። ድመቷ እያለቀሰች ጎረቤት ተሰደደች፤ ሲርታው አልቆመም። ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ የደረቀውን አበባ ሳይቀር ለቅማ ጣለች። ቤቱ ሌባ የገባበት መሰለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ፍሬቻ ከሥራ ሲመለስ የስፌት ማሽኗን በረንዳ ላይ አገኘው። ሚስቱ ሹራብ ደርባ፣ ንፋሱ ጨርቁን ከእጇ እየነጠቃት ትሰፋለች።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ?»

«ጥፋተኛው የኔ ጨርቅ ነው። ብናኙ ነው ያፈነህ።»

«ኧረ ግቢ አንቺ፣ ብርድ ነው!»

«አንተ ብቻ ተንፍስልኝ፤ እኔ ሹራብ አለኝ።» ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ አሞቀቻቸውና መርፌዋን እንደገና ፈለገች።

ያን ማታ ፍሬቻ እራቱን ሳይነካ ተነሳ። በመስኮት እያየ «እናትሽ ናቸው፣ እናትሽ ናቸው፣ እናትሽ ናቸው» ይላል በሆዱ። በሆድ የሚባል ነገር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ደረት ላይ ይሰፍራል። ሰማያዊቷ ከሳንቲሞቹ መሃል ወጥታ ቀንና ማታ ተረኛ ሆነች።

ነገሩ የፈነዳው በጠራራ ፀሐይ ነው። ያን ቀን የማለዳው ትምህርት ወደ ቀትር ተዛውሮ፣ አማቱ መኪናዋን በማሠልጠኛው ግቢ በርሜሎች መካከል ወደ ኋላ እያስገቡ ሳለ የፍሬቻ ስልክ ጮኸ። መኪናው ውስጥ ባለው ድምፅ ማጉያ ላይ የሚስቱ ድምፅ ሞላ።

«ስማ፣ እማዬ ቤት የለችም! ስልኳንም አታነሳም። ሳታያት ወጥታ ይሆን? እንደገና ወድቃ ቢሆንስ?»

አማቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ተክለው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ፍሬቻ አፉን ከፈተ። ቀኝ እጁ ተነሳ፣ ግራ እጁም ተነሳ፤ ሁለቱም ፍሬቻ ባንድ ጊዜ በራ። «እኔ... አላየኋቸውም... መጡ... ይመጣሉ...» ሲል ጉሮሮው ተዘጋ። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰው ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ አብረው ተቀመጡበት። አማቱ ደንግጠው ፍሪሲዮኑን ለቀቁት፤ መኪናዋ ዘልላ ሦስት በርሜል ገልብጣ፣ የማሠልጠኛው ባለቤት ከሆኑት ከጋሼ ጫማ ሥር ደርሳ ቆመች።

ጋሼ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ፍሬቻ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሰማያዊቷን ሲስብና «ምንም አልሆንኩም! ደህና ነኝ!» እያለ በእጁ ሲያባርራቸው ቆመው አዩት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቁ።

«ሁለተኛህ ነው» አሉት። «ባለፈው አደባባዩ ላይ ታፍነህ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እዚህ። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስትመለስ እኔ ራሴ ከኋላ ተቀምጬ ስታስተምር አይሃለሁ። መኪና ውስጥ አስተማማኝ ካልሆንክ ከመኪናው ትወርዳለህ።»

«ወርጄስ?»

«ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት ታስተምራለህ።»

ፍሬቻ ክፍሉን ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ የተሳለ ክብ፣ የተሳለ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ረጅም ዱላ፣ የሚያንቀላፉ ሰዎች። መሪ ይዞ ለኖረ ሰው እዚያ መግባት ከነሕይወት መቀበር ነው። ከዚያ ወዲያ ማታ ለሚስቱ ምን ያወራል? «ዛሬ ሦስት ማዕዘኑ ገደለኝ» ሊል?

አማቱ ያን ቀን «ገበያ ነበርኩ» ብለው ልጃቸውን አረጋጉ። ሐኪም ዘንድ ሚስቱ አብራው ሄደች፤ ብቻውን ብትልከው «ሐኪሙን እኔ ነኝ ያከምኩት» ብሎ እንደሚመለስ ታውቃለች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች፤ ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ሚስቱ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሐኪሟ አዳመጠችው፣ ከዚያ የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ሰጥታ ንፋ አለችው። ጠቋሚዋ ትንሽ ሄዳ እንደ ሰነፍ አህያ ቆመች። ጠርሙስ በሚመስል የፕላስቲክ ማቆያ በኩል መድኃኒት እንዲስብ አደረገች፤ ጥቂት አስቀመጠችውና እንደገና ቱቦውን ሰጠችው።

«አሁን በደንብ ይተንፍሱ» አለች። «እየያዙት ነው፤ አይያዙት። ውስጥዎ ያለውን ሁሉ ያውጡ።»

ፍሬቻ ቱቦውን ከአፉ አወጣ። ወደ ሚስቱ አየ። ወደ ሐኪሟ አየ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምንም አያስቀሩ።»

«እዚህ?»

ሐኪሟ ግራ ተጋባች። «የት ሊተነፍሱ ነበር?»

«ሚስቴ ፊት?»

«ምን ችግር አለው? እንዲያውም እሳቸውም ይዩ። ከያዙት እኮ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።»

ፍሬቻ ዓይኑን ጨፈነ። ይህች ወጣት ነገሩን እንዴት እንዳወቀች ፈጣሪ ይወቅ፤ ሐኪም ግን ሐኪም ነው፣ ማዳመጫው የማይሰማው የለም። ቀኝ እጁ እስከ ጣሪያው ተነሳ።

«እናትሽን መኪና እያስተማርኳቸው ነው!» አለ።

ግራ እጁም ቀኙን ተከተለ።

«መነጽሬን አድርገው መጡ! ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ! ምንጣፉ ንጹሕ ነው፣ ድመቷ ንጹሕ ናት፣ ጨርቅሽ ምንም አላደረገኝም! ያን ቀን ስትደውዪ መሪው ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው! ማሽንሽን ወደ ቤት አስገቢው፣ አንቺ በረንዳ ላይ ስትንቀጠቀጪ እኔ ቤት ውስጥ አለቅኩ!»

ሐኪሟ ቀስ ብላ «እኔ ያልኩት... አየሩን ነበር» አለች።

ፍሬቻ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አየሩን?»

«አየሩን።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለች፤ ከዚያ ሳቅ ይሁን ቁጣ ያልለየለት ድምፅ ከአፏ ወጣ። «እናቴን?» አለች። «ዳሌዋን የተጠገነች እናቴን? ቆይ፣ ቆይ... እኔ መኪና አስተምረኝ ስልህ ምን ነበር ያልከኝ? "ባል ሚስቱን መሪ ካስያዘ ትዳሩ ገደል ይገባል" አላልክም?»

«አማትን አይጨምርም እኮ ተረቱ!»

«ተረቱን ያወጣኸው አንተ ነህ!»

«ይቅርታ» አለች ሐኪሟ ሳቋን እየዋጠች፣ «ትዳሩን ለጊዜው ይተዉትና ይንፉ።»

ነፋ። ጠቋሚዋ ወደ ላይ ተነሥታ ሄደች። ፍሬቻ ቱቦውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዘው። «አየሽ? በአፌ ነው የዳንኩት! ይህንን በመጽሐፍ ይጻፉት!»

«ግማሹ የመድኃኒቱ ነው፤ ሁሉንም ለአፍዎ አይስጡት» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሁለቱም አዞረች። «ግን ሌላው ግማሽ ቀልድ አይደለም። ሰው "ጨነቀኝ ጠበበኝ" ሲል ዝም ብሎ የሚል ይመስለዋል። አስም ላለበት ሰው እውነትም ይጠብበዋል። ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ይፈጥናል፤ የአየር ቧንቧው ድሮም ቁጡ ነውና ይኮማተራል። ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ ሰው የባሰ ይፈራል፤ ፍርሃቱ መልሶ ያጠብበዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ጭንቀት አስምን ከባዶ አልፈጠረብዎትም፤ ያለውን ግን ቀስቅሶታል። ቡናማዋንስ ይወስዱ ነበር?»

ፍሬቻ ጫማውን አየ። ሚስቱ ፍሬቻን አየች።

«ከመስታወቱ ሥር ሳትነካ የምትቀመጠው የድሮዋ ባዶ መስላኝ ነበር፤ ለካ የምትወስዳት ናት!» አለች።

«ሰው ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚረሳው ራሱን ነው» አለች ሐኪሟ። «ስለዚህ ቡናማዋ ጠዋትና ማታ፣ ደህና ሆንኩ ብለው ሳይተዉ። ሰማያዊቷ ከኪስዎ አትለይ። ደረትዎ መጥበብ ሲጀምር ተቀምጠው ይሳቡ፣ ከንፈርዎን አሹለው ቀስ ብለው ያውጡ፤ ካልተሻለዎት ወደኛ ይምጡ። የሚያስጨንቅዎት ነገር ሲኖርም ለሰው ይናገሩ። ደረትዎ ለምስጢር የሚሆን ቦታ የለውም።»

ፍሬቻ ይህን እንደ ውዳሴ ወሰደው።

ቤት ሲደርሱ አማቱ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። የልጃቸውን አረማመድ እንዳዩ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። «ትንፍሽ አልክ!» አሉ ፍሬቻን።

«ሐኪም አዘዘኝ እማማ! በሐኪም ትእዛዝ ነው!»

«እማዬ፣ አብደሻል?» አለች ልጅየው። «ብትጋጪስ? ብትሞቺስ?»

«ቤት ቁጭ ያለ አይሞትም?»

«ከወደቅሽ ቀን ጀምሮ እኔ እንቅልፍ የለኝም እኮ! ኮቴሽን ሳልሰማ ካደርኩ ልቤ ይቆማል!»

አማቱ እጃቸው ላይ ያለውን እርጥብ ቀሚስ ገመዱ ላይ ጣሉት። ድምፃቸው ከማዞሪያው ወርዶ የእናት ሆነ። «እንቅልፍ ማጣትሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ መንዳትሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንድታስቆሚኝ?»

ለካ በዚያ ግቢ የታፈነው ፍሬቻ ብቻ አልነበረም፤ እሱ ሳንባው ስለሚያፏጭ ተሰማ እንጂ። በመጨረሻ ሚስቱ ዓይኗን ጠርጋ «እሺ» አለች፤ «ግን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ተረትህን ሰብስብ።»

የተቀጠረው ቀን ሲደርስ ጋሼ «ከባዷን ተማሪህን አምጣ» አሉት። ሌላ ተማሪ ቢጠየቅ ኖሮ ነገሩ ለፍሬቻ እንደ ሐር ክር ይለሰልስለት ነበር፤ ሆኖም ከባዷ ማን እንደሆነች ለመምረጥ ማሰብ አላስፈለገውም። አማቱ መሪው ላይ፣ ፍሬቻ ከጎናቸው፣ ከኋላ ጋሼና ሚስቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ጋሼ ቀበቷቸውን አሰሩ፤ አማቱ መስታወቱን ሲያስተካክሉ አይተው እንደገና አጠበቁት።

ወጡ። የመጀመሪያው መንገድ በሰላም አለፈ፤ አደባባዩም በሰላም አለፈ፤ አንድ ብስክሌተኛ ብቻ «መስመሩ ተይዟል» ተብሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ዳገቱ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው፤ ፍየል እንኳ ሲወጣው ሁለት ጊዜ ያስባል። እኩሌታው ላይ መብራት ያዛቸው። ከኋላቸው ቤት የሚያክል የጭነት መኪና ቆመ። አረንጓዴ በራ። አማቱ ፍሪሲዮኑን ለቀቁ፣ መኪናዋ ጠፋች። አስነሱ፣ ጠፋች። ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ተንሸራተተች።

«እማዬ!» ሚስቱ ጮኸች።

የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። «ዝም በልልኝ አንተ፣ እየተገናኘሁ ነው!» አሉ አማቱ።

የጋሼ እጅ የፊት ወንበሩን ጀርባ ጨብጦ ነበር።

ፍሬቻ የእጅ ፍሬኑን ሳበና በርጩማው ደረቱ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው። ያቺ «ሲር» የምትለው ድምፅ ከሥር ጀመረች። ከኋላው ጋሼ አሉ። ጋሼ የሚያዩት ይህንኑ ነው። አንድ ሳል ቢስል ይሸፈናል፤ ትንሽ ቢቀልድ ይሸፈናል፤ እጁ ሊቀልድ ተነሳ። ክፍሉ፣ ዱላው፣ የተሳለው ሦስት ማዕዘን ዓይኑ ላይ መጡ። አሁን ከተናገረ ወረደ፤ ካልተናገረ ደግሞ ዳገት ላይ፣ አማቱን መሪ አስይዞ፣ ሚስቱን ከኋላ ጭኖ...

እጁን አወረደ።

«እማማ» አለ፤ ድምፁ እሱ ራሱ እስኪገርመው ድረስ ረጋ ያለ ነበር። «አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው፣ እንደ እንቁላል... ትንሽ ነዳጅ... የእጅ ፍሬኑን እኔ ልልቀቅ... ይሂዱ። ጎበዝ። ዳገቱ ጫፍ ላይ በቀኝ ዳር ይያዙና ያቁሙልኝ። ደረቴ ጠቦኛል፤ መድኃኒቴን ልወስድ ነው።»

መኪናዋ ተንፏቃ ወጣች። አማቱ ዳር ይዘው፣ ማርሽ አውጥተው፣ የእጅ ፍሬን ስበው አቆሙ፤ ሳይነገራቸው። ፍሬቻ ሰማያዊቷን አውጥቶ፣ ማንንም ሳይደብቅ፣ ተደላድሎ ሳበ። ከንፈሩን አሹሎ ቀስ ብሎ አወጣ። እንደገና። ሚስቱ ከኋላ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ አብራው ታወጣለች፤ አማቱም መሪውን እንደያዙ አብረው ያወጣሉ። መኪናዋ ውስጥ ሦስት ሰው ሾርባ የሚያቀዘቅዝ ይመስል ነበር።

ሲርታው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

«ተሻለኝ» አለ። ከዚያ ዞሮ ጋሼን አያቸው። ማጋነን አማረው፤ አንዲትም ቃል አልመጣችለትም። «አዩኝ አይደል ጋሼ? መጣብኝ። ሊደብቁት የሚቻል አልነበረም... ማለቴ፣ ይቻል ነበር። አልደበቅኩም።»

ጋሼ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ልጄ» አሉ ዝግ ብለው። «ያን ቀን ያስፈራኝ አስምህ መሰለህ? ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኖ "ምንም አልሆንኩም" ስትለኝ ነው የፈራሁት። እንዲህ የሚል ሰው ተማሪ ይዞ መሃል መንገድ ላይ እንደማይወድቅ በምን አውቃለሁ? አሁን ግን መጥበቡን ተናገርክ፣ መኪናውን አስቆምክ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ፤ ዳገት ላይ የጠፋች መኪናም አስነሳህ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?»

«ታዲያ ክፍሉ?»

«ክፍሉን ሌላ ሰው ያስተምረው። መቀመጫው ያንተ ነው።»

ሚስቱ ከኋላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አማቱ «እንግዲህ እንሂዳ!» ብለው ቁልፉን አዞሩ፤ መኪናዋ ገና ማርሽ ውስጥ ሳትገባ ጋሼ ቀበቷቸውን ፈቱ።

«እኔን ግን እዚሁ አውርዱኝ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ማሠልጠኛው ሩቅ ነው!»

«ሩቅ መሆኑን ወድጄዋለሁ» አሉና ወርደው ኮታቸውን አስተካክለው በእግረኛው መንገድ ወደ ፊት፣ ከዳገቱ ወዲያ ቁልቁል ጀመሩ። አማቱ ተቀየሙ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከጎን ከጎናቸው እየነዱ «ይግቡ እንጂ! ምን አጠፋሁ? ይግቡ!» ይሏቸዋል፤ ጋሼ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ብቻ እያወዛወዙ ፍጥነት ጨመሩ። አማቱ እሳቸውን ሲያባብሉ መኪናዋ ጠፋች። አስነሱ፣ ዘለለች፣ ጠፋች። ፍሬቻና ሚስቱ ተያይዘው ሳቁ፤ የፍሬቻ ሳቅ ከሆዱ ተነስቶ ምንም ሳይከለክለው ወጣ። አማቱ ለሦስተኛ ጊዜ ቁልፉን ሲያዞሩ ጋሼ ኩርባውን ታጥፈው ከዓይን ጠፍተው ነበር፤ ማሠልጠኛው በር ላይም በእግራቸው ቀድመው ደረሱ።